«ሲስተም ነው»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም። ብቻዬን ሆኜ ላወራችሁ የፈለግሁት ሕዝባችን በአዲስ ቴክኖሎጂ ላይ ስላለው ጥርጣሬና ተስፋ ነው። ነገሩ ሰፊ ስለሆነ አንዱን ብቻ፣ በየቀኑ በእጃችን የሚያልፈውን በስልክ የሚከፈል ገንዘብ ይዤ እቆያለሁ። መተዳደሪያዬ የክፍያ ሶፍትዌር መፈተሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የምሰማው ከሠሪዎቹ ወገን ነው፤ ሐሳቤን ያስለወጡኝ ግን በሰፈሬ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው።

እኒህ እናት ጀሞ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም በር ላይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ በመደብ ይሸጣሉ። ዘጠኝ ዓመት ያህል ደንበኛቸው ሆኛለሁ፤ እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ቀፎ ነው፤ በላስቲክ ጠቅልለው ከሚዛኑ አጠገብ ያስቀምጡታል። አንድ ሰው በስልኩ ከፍሎ ማያውን አሳይቷቸው ሊሄድ ሲነሣ ዕቃውን በእጃቸው እንደያዙ «ቆይ፣ ይጩህ» ይላሉ። የሚጠብቁት የመልእክቱን ድምፅ ነው። ቀፎው ከጮኸ በኋላ ቁጥሩን ራሳቸው ያዩታል፤ የከፋዩን ስም ደግሞ አጠገባቸው ያለው የሱቅ ልጅ ያነብላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፌስታሉን ይለቃሉ።

ይህን ልማድ የጀመሩት አንድ እሑድ ጠዋት አንድ ወጣት የ620 ብር ዕቃ ወስዶ፣ «ክፍያው ተሳክቷል» የሚል ስክሪንሾት አሳይቷቸው ከሄደ በኋላ ነው። ገንዘቡ ገብቶ አያውቅም። ለእሳቸው ያ የሁለት ቀን ትርፍ ነው። ታሪኩን ሲነግሩኝ በጣም አፈርሁ፤ ምክንያቱም እኛ ሥራ ቦታ ያንን አረንጓዴ ምልክት የክፍያው ማብቂያ አድርገን ነበር የምንቆጥረው። ምልክቱ በትክክለኛው ሰዓት መውጣቱን፣ ፊደሉ አለመቆራረጡን፣ ቀለሙ መታየቱን ስንፈትሽ እንውላለን፤ ማያውን ከፋዩ ለሻጭ እንደሚያሳይ፣ ሻጭዋ ደግሞ የሚያዩት ማንም ሊያዘጋጀው የሚችል ሥዕል እንደሆነ ግን ከመካከላችን ያነሣ አልነበረም።

ባለፈው ፋሲካ ቡና ጠርተውኝ ከሣጥናቸው አንድ ጠገራ ብር አውጥተው አሳዩኝ፤ ከእናታቸው የወረሱት ነው። «እናቴ ገበያ ስትውል ድንጋይ ላይ ጥላ ጩኸቱን ካልሰማች አትቀበልም ነበር» አሉኝና ከቡና ሙቀጫው አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ጣል አደረጉት። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ነው የሚጠፋው። በገንዘቡ ላይ በተቀረጸችው ሴት ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ፈርጥ ደግሞ በጥፍራቸው እየነኩ፣ «ይኼ ከተፋቀ አይሆንም ይባል ነበር» አሉኝ።

እቤቴ ስመለስ ይህን ነገር ከማውቀው ታሪክ ጋር አያያዝሁት። ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የምንለው ገንዘብ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ነው፤ ንግሥቲቱ በ1780 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሞተች በኋላም ያው 1780 የሚለው ዓመት ሳይነካ እየተቀረጸ ወደ እኛ ገበያ ሲገባ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ የራሳቸውን ምስል ያለበትን ብር በፓሪስ አስቀርጸው ሲያወጡ ገበያው በቀላሉ አልለመደውም፤ ገጠሩ ማርትሬዛውን ሙጥኝ ብሎ ቀረ። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ጀመረ፤ በ1907 ዓ.ም. የወረቀት ገንዘብ ቢያወጣም በአብዛኛው ከከተማ ነጋዴዎችና ከውጭ ሰዎች እጅ አልራቀም። ገበሬው ወረቀቱን በድንጋይ ላይ ሊጥለው አይችልም፤ በሌላ መንገድም እውነተኛነቱን የሚያረጋግጥበት ዘዴ አልተሰጠውም ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ግን በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የሆነው ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ከወረቀቱ ጋር አብሮ የወጣው የ50 ሳንቲም ገንዘብ ከእውነተኛ ብር የተሠራ ነበር፤ የብሩን ማዕድን የሰጠችው አሜሪካ ነበረች። ያን ያደረጉት ሰዎች ሕዝቡ ወረቀት እንደማያምን ያውቁ ነበር። ስለዚህ «ዘመኑ ተለውጧል፣ ልመዱ» ብለው ከመስበክ ይልቅ ሊያንኳኳው የሚችለውን ነገር በእጁ ላይ አኖሩለት። እኔ ይህን ትልቅ ጥበብ ነው የምለው። ዛሬም ድረስ በስልክ ማያ ላይ ያለውን ቁጥር የምንጠራው በዚያው በማዕድኑ ስም ነው፤ ብር እንላለን።

ስለ ጥርጣሬ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንናገረው ሌላ ታሪክ ነው፤ ራስ መኮንን ከጣሊያን ያመጡት ስልክ በቤተ መንግሥት ሲዘረጋ ካህናቱ የሰይጣን ድምፅ ነው ብለው ተቃወሙ፣ ዐፄ ምኒልክ ግን ጸኑ የሚለውን። እኔም በየመድረኩ ተናግሬዋለሁ። አሁን ግን ሳስበው ታሪኩን የምንጠቀምበት መንገድ ይጎዳናል፤ የጠረጠረውን ሁሉ አላዋቂ፣ ያመጣውን ሁሉ አርቆ አሳቢ አድርገን እንድናይ ያለማምደናል። የእማማ እናት ድንጋይ ላይ ሲጥሉ የነበሩት ገንዘብ ስለማያውቁ አልነበረም፤ ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን ልመለስ። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤምፔሳ ተከተለ፣ ቤንዚን መቅዳትም በስልክ ክፍያ እንዲሆን ተደረገ። ለውጡ እንዲህ ፈጥኖ ሲመጣ እማማ ዳር ቆመው አላዩም። ንጋት ላይ ኃይሌ ጋርመንት ወዳለው አትክልት ገበያ ሲሄዱ ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ነበር የሚሄዱት፤ ሁለት ጊዜ ታክሲ ውስጥ መቀነታቸው ተቀዷል። አሁን ለጅምላ ነጋዴው የሚከፍሉት ኮከብ 127 መሰላል ብለው ነው። «ሌባው እንግዲህ ምን ይቀድዳል?» ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ሥራዬን እንድወደው አድርጎኛል። ቤይሩት ያለችው ልጃቸው የምትልከው ገንዘብም ድሮ የሚመጣ ሰው ተገኝቶ፣ ያ ሰው ተፈልጎ፣ ከዚያ ነበር እጃቸው የሚገባው፤ አሁን ያ ልፋት ቀርቷል። መላ፣ እንደኪሴ፣ ሳንዱቅ የሚባሉት የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶች ሲመጡ ደግሞ ቤትም ካርታም የሌለው ሰው በስልኩ እንቅስቃሴ ብቻ ጥቂት ብር መበደር ቻለ። እንደ እሳቸው ያለ ነጋዴ ከአራጣ አበዳሪ ውጭ ሌላ በር ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ጥርጣሬያቸውን ተስፋ ከማጣት ጋር እንዳታያይዙት ነው፤ በዚህ ሰፈር ከእሳቸው በላይ ከስልኩ ብዙ የሚጠብቅ ሰው አላውቅም።

ሆኖም አንድ ቀን ለነጋዴው የከፈሉት 4,300 ብር ከእሳቸው ሒሳብ ተቆርጦ ነጋዴው ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። ዕቃው እዚያው ቀረ፤ መደባቸው ባዶ ዋለ። የአገልግሎቱን ድርጅት ስም መጥራት አያስፈልገኝም፤ አብሬያቸው ቢሮው ድረስ ሄጃለሁ። የተቀበለችን ልጅ ትሑት ነበረች፤ ኮምፒውተሯን ጥቂት ካየች በኋላ «እማማ፣ ሲስተም ነው፤ ይመለሳል» አለቻቸው። በሦስተኛው ቀን ሌላ ልጅ ተመሳሳዩን ተናገረ፤ በሰባተኛው ቀን ደግሞ «ዛሬ ጭራሽ ሲስተም የለም» ተባልን። ገንዘቡ በአሥራ አንደኛው ቀን ያለ አንዳች ቃል ተመልሶ ገባ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሽንኩርት ከጎረቤት መደብ በዱቤ እየወሰዱ ነበር የሸጡት።

ይህ «ሲስተም» የሚባለው ቃል ከሌላ አገር ቢመጣም በእኛ አገር የራሱን ትርጉም ይዟል። ውሃና መብራት ለመክፈል፣ ክሊራንስ ለማውጣት፣ መታወቂያ ለማሳደስ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «ሲስተም የለም» ሲባል ወረፋው ያለ ጩኸት ይበተናል፤ ዝናብ ሲጥል ከደጅ እንደምንሸሸው ማለት ነው። ዝናብ ግን የሚቆጣጠረው ሠራተኛ የለውም፤ ሲስተም አለው። እኔ ሠራተኛው ነኝ፤ ባልደረቦቼም ናቸው። በእኔና በእማማ መካከል ስንት ሰው እንዳለ ብቆጥረው ከሃያ አይበልጥም፤ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ቃል ጀርባ ተሸሽጎ ግን አንዲት እናት ለአሥራ አንድ ቀን የሚያናግሩት አጥተው ቆዩ። ከቢሮው ስንወጣ ያሉኝን አልረሳውም፦ «ማሽኑማ ይሳሳታል፣ ሰውስ አይሳሳትም? እኔ የጠየቅሁት ማንን ላናግር ነው።»

ያን ሰሞን ሁላችንም የምናስታውሰው አንድ ሌሊት ትዝ አለኝ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለመጋቢት 7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙን ሲያሻሽል በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ በተለይ በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበረ ባንኩ ገልጿል። ቀነ ገደብ ተቀመጠ፣ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በይፋ ወጣ፣ አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ። የራስ ያልሆነን ገንዘብ መመለስ ተገቢ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። የማነሣው ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ ለተቋም በሚጎዳ መንገድ ሲሳሳት ስም ይገኛል፣ ፎቶ ይገኛል፣ ቀን ይቆረጣል። ማሽኑ ሽንኩርት ሻጭን ሲጎዳ ግን ስም የለም፣ ቀን የለም፣ ያለው ሲስተም ብቻ ነው። ሰው ይህን ልዩነት ያያል። አገር ውስጥ የማያቸው ጥርጣሬዎች አብዛኞቹ ከዚህ የሚነሡ ይመስለኛል፤ እኛ ደግሞ «ዲጂታል ዕውቀት ስለሌላቸው ነው» እያልን ሥልጠና እናዘጋጅላቸዋለን።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ሲመጣ ይህ ጥያቄ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ ማንበብ ለማይችል ሰው መልእክቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ በድምፅ የሚነግር ስልክ የከፋዩን ስም ለመስማት የሱቁን ልጅ መጠበቅ ያስቀራል። ሥጋቱም እንዲሁ እውነተኛ ነው፤ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚለው አጭበርባሪ ነገ የልጃቸውን ድምፅ አስመስሎ ሊደውል ይችላል። ብድር ሲከለከሉም ለምን እንደተከለከሉ የሚያስረዳቸው ሰው ራሱ ምክንያቱን ላያውቀው ይችላል። እኔ ቢጠይቁኝ ከማንኛውም አዲስ ነገር በፊት የማስቀድመው አንድ ነው፦ ማንኛውም ክፍያ ሲሰናከል፣ ማንኛውም ብድር ሲከለከል፣ ለባለቤቱ በሚገባው ቋንቋ የአንድ ሰው ስም፣ የሚደወልበት ቁጥርና መልስ የሚሰጥበት ቀን ይላክለት። በሥራ ቦታዬ ይህን በጽሑፍ አቅርቤ ሦስት ጊዜ ተከራክሬበታለሁ፤ እስካሁን የተፈቀደልኝ ቀኑ ብቻ ነው። በስሙ ላይ መከራከሬን አላቆምም።

ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ስገዛ፣ ቀፎው እስኪጮህ አብረን ቆመን ሳለ፣ እማማ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ። «እኔ ስሞት፣ ልጄ፣ ይኼ ውስጥ ያለው ገንዘብ ለማን ነው?» አሉኝ ስልኩን እያነሡ። ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ሲቀርቡ እንደሚከፈላቸው ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ፍራሽ ሥር ያለውን ሲያራግፉ ያገኙታል። እዚህ ውስጥ መኖሩን ግን በምን ያውቃሉ?» አሉኝ። የምመልስላቸው አልነበረኝም። በነጋታው የሱቁን ልጅ ደብተር አስገዝተው ጠበቁኝ፤ የስልካቸውን ቁጥር፣ ገንዘባቸው ያለበትን አገልግሎትና የባንካቸውን ቅርንጫፍ ስም ጻፍሁላቸው፤ የሚስጥር ቁጥሩን እንዳልጽፍ እኔ ከማስጠንቀቄ በፊት እሳቸው ከለከሉኝ። ከታች መስመር እንድተውላቸው ጠየቁኝ፤ «ችግር ሲመጣ የሚናገሩት ሰው ስም እዚህ ይግባ» ብለው። መስመሩን አስምሬ፣ ለጊዜው የራሴን ስምና ቁጥር ጻፍሁበት።