መዶሻ ይዘህ ሂድ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም፣ ቡና ግን አለ።

ባለፈው በወሬ መሃል "ጀልባ አለችኝ" የሚል ነገር አመለጠኝ። ከዚያ ወዲህ መልእክቱ አላባራም። "አንተ? ጀልባ? ሎተሪ ወጣልህ እንዴ?" ኧረ ምንም አልወጣልኝም። የ1996 ሥሪት ናት፤ 18 ጫማ። ከነተጎታቿ 3,500 ዶላር ነው የገዛኋት። እዚህ ሜሪላንድ በዚህ ብር ደህና መኪና ፈልጋችሁ እስኪ አግኙ።

እናቴ ስትሰማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "አንተ ልጅ፣ ዋና ትችላለህ?" ወደዚህ ጥያቄ አንመለስም።

ለማንኛውም፣ ጉድ የሠራኝ አለማወቄ አይደለም፤ ማወቄ ነው። አባቴ ጋራዥ ነበረው። እኔ ሶማሌ ተራ ዕቃ እየተላላክሁ ነው ያደግሁት። ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ እነዚህን ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅኋቸው። ስለዚህ ጀልባዋን የሚሸጠው ሰውዬ ቤት ስደርስ ቀጥ ብዬ ወደ ሞተሩ። ክዳኑን ከፈትኩ። ባለ 3 ሊትር መርክሩዘር የሚሉት የጀልባ ሞተር፣ አራት ሲሊንደር። ብሎኩ የጄኔራል ሞተርስ ነው። የመኪና ዘመድ! "አንተንማ አውቅሃለሁ" አልኩት በሆዴ። ዘይቱን አየሁ፤ ወተት አልመሰለም፣ ውሃ አልገባበትም ማለት ነው። ካንዴላዎቹን ፈታሁ፤ ደረቅ፣ ቡናማ። ሰውየው ከታች እንደ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ያለ ነገር ገጠመና የአትክልት ውሃ ከፈተበት። ሞተሩ ከሐይቅ የሚስበውን ማቀዝቀዣ ውሃ በዚያ ያገኛል። ቁልፉን አዞረ። አንዴ! ወዲያው ተነሳች። ልቤ ቅልጥ አለ።

40 ደቂቃ ብቆይ ነው። 35ቱ ሞተር ላይ አለቀ። ሰውየው አልዋሸኝም፣ ይሄን ልመስክርለት። የጠየቅሁትን ሁሉ መልሷል። ያልጠየቅሁትን ነው ያልመለሰው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጀልባ ሲጠግን የኖረ ሽማግሌ ጎረቤቴ ዞር ዞር ብሎ አያት። ሞተሩን ዞር ብሎም አላየው። ካቻቢቴ አነሳና በእጀታው የኋላ ግድግዳዋን መታ መታ ያደርግ ጀመር። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ትንሽ ወደ ግራ ሄደ። ዱፍ። ቆመና አየኝ። ደግሞ መታ። ዱፍ።

ያ ግድግዳ ትራንሰም ይባላል። የሞተሩ ግፊት ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ከውጭ ፋይበርግላስ ነው፣ ያብረቀርቃል። መሃሉ ግን ኮምፔርሳቶ ነው፤ እንደ ሳንድዊች። የሆነ ሰው የሆነ ጊዜ አንዲት ብሎን አስሮ ቀዳዳዋን በደንብ ሳይደፍን ከሄደ፣ ውሃው ለዓመታት ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። ፋይበሩ ምንም አይሆንም። እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ሽማግሌው ከውስጥ በኩል በትንሽ መሰርሰሪያ ቀዳልኝ። የወጣው ነገር እንጨት አይመስልም። ጥቁር፣ እርጥብ፣ የጀበና አተላ በሉት። አሸተትኩት። የጎርፍ ቤት ይሸታል።

ጋራዥ ብወስዳት የተጠየቅሁት ከተገዛችበት በላይ ነው። ራሴ ገባሁበት። የውስጡን ፋይበር ቆርጦ ማንሳት፣ የበሰበሰውን በመሮ መፈንቀል፣ አዲስ ኮምፔርሳቶ ኤፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ መለጠፍ። ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን በላ። የፋይበር ብናኝ ቆዳ ላይ ካረፈ ሌሊቱን ስታክ ማደር ነው። ባለቤቴ "ልብስህን ከበር ውጭ አውልቅ" የሚል ሕግ አወጣች፤ እስካሁን አልተሻረም።

ሞተሩም ቢሆን እንዳሰብኩት ዘመዴ አልነበረም። ሞተሪኖዋ፣ ማለትም ሞተር ማስነሻዋ፣ ሲደክም የመኪናው በግማሽ ዋጋ አለ፣ ልክክ ብሎም ይገጥማል። ልገዛው ምንም አልቀረኝም። ሽማግሌው ነው ያስጣለኝ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። መኪና ሥሩ ክፍት ስለሆነ ትነቱ ይበተናል። ጀልባ ግን ሆዷ ድፍን ሳህን ነው፤ እዚያው ይተኛል። የጀልባ ሞተሪኖና ዲናሞ ፍንጣሪያቸው ያንን ትነት እንዳያቀጣጥል ተደርገው ነው የሚሠሩት። የመኪናው እንደዚያ አይደለም። ከማስነሳትህ በፊትም ትነቱን ከሞተሩ ክፍል የሚያስወጣውን ማራገቢያ ቢያንስ 4 ደቂቃ ታስሮጣለህ። በሰዓቴ ነው የምቆጥረው፣ አልቀልድም።

ወረቀቱ ብዙ አላስቸገረኝም። 5 በመቶ ቀረጥ ከፈልኩ፣ ተጎታቿን ለብቻ በስሜ አዞርኩ። እዚህ ስቴት ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ሞተር ጀልባ ለመንዳት የደህንነት ትምህርት ወስዶ ካርድ መያዝ አለበት። ወሰድኩ፤ አለፍኩ።

ካርዱ ግን ውታፍ አያስታውስም! ጀልባ ከኋላዋ ታች ላይ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አላት። የብስ ላይ ስትሆን ውታፉን ትነቅላለህ፣ ዝናቡ እንዲወጣ። ውሃ ላይ ከማውረድህ በፊት ትመልሰዋለህ። የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ከኋላዬ ስድስት መኪና ተሰልፏል። ተጎታቿን ወደ ኋላ ስገፋ አምስት ጊዜ ተሳስቼ፣ በመጨረሻ ተሳካልኝ። ወረደች፣ ተንሳፈፈች። እኔም ገብቼ ቆሜ ፎቶ እየተነሳሁ ነው። እግሬን ቀዘቀዘኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ጫማዬ የለም፣ ውሃ ውስጥ ነው። ውታፉ ኪሴ ውስጥ።

አሁን ውታፉና የሞተሩ ቁልፍ በአንድ ገመድ ነው የታሰሩት።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ያብጣል። ብሎኩ ውስጥ የቀረ ውሃ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ማፍሰሻዎቹን ፈትቼ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አወጣለሁ። ካልወረደ በሽቦ እጎረጉራለሁ፤ ዝገት ይደፍነዋል።

በነገራችን ላይ ትናንት አንድ ወዳጄ ደወለ። እሱም ጀልባ አይቷል፣ አናፖሊስ አካባቢ። "አንተ መካኒክ ነህ፣ ቅዳሜ አብረን ሄደን ሞተሩን እይልኝ" አለኝ። እሺ ብዬዋለሁ። ትራንሰሙን መታ መታ የማደርግባትን መዶሻ መኪናዬ ውስጥ አስገብቻለሁ። ሞተሩ ላይ ምሳ ሰዓት ገደማ እንደርሳለን።