ትራያምፍ፦ አምስት ቀን ያለ ኤሌክትሪክ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ

ሊያ፦ እንደምን ቆያችሁ፣ አድማጮቻችን። ዛሬ የምንነጋገረው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ መካከል ኃይል አጥታ ስለቆመችው፣ ካርኒቫል ትራያምፍ ስለተባለችው የመዝናኛ መርከብ ነው። አብረውኝ ያሉት እንደተለመደው ጋሽ ታደሰ ናቸው። በወጣትነታቸው በጭነት መርከብ ላይ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ከአሰብ እየተነሡ ቀይ ባሕርን ሲመላለሱበት ስለኖሩ፣ ይህን ርእስ የመረጥኩት እርሳቸውን ለማናገር ብዬ ጭምር መሆኑን አልደብቅም።

ጋሽ ታደሰ፦ ደኅና ነሽ ወይ፣ ሊያ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላስተካክል። እኔ የሠራሁበት መርከብ ስሚንቶና ማዳበሪያ የሚጭን አሮጌ ብረት ነበር፤ ይህችኛዋ ግን 272 ሜትር ርዝመት ያላት፣ መዋኛ ገንዳው፣ ቲያትሩና ቁማር ቤቱ የተሟላላት ተንሳፋፊ ከተማ ናት። ሆኖም ከወለሉ በታች ወርደሽ ማሽን ሩም ስትገቢ፣ ሁለቱ ያን ያህል አይራራቁም፤ ሽታቸውም ሙቀታቸውም አንድ ነው።

ሊያ፦ እስቲ ታሪኩን ከመነሻው እንያዘው። መርከቧ 3,143 መንገደኞችንና 1,086 ሠራተኞችን ይዛ ከቴክሳስ ጋልቬስተን ወደብ የተነሣችው ፌብሩዋሪ 7 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 30 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ወደ ሜክሲኮዋ ኮዙሜል ደሴት ደርሶ መልስ አራት ቀን ብቻ የሚፈጅ ጉዞ ነበር። እሑድ ፌብሩዋሪ 10 ቀን ንጋት ላይ፣ ወደ ጋልቬስተን በመመለስ ላይ ሳለች፣ ከዩካታን ጠረፍ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኋለኛው የሞተር ክፍል ውስጥ እሳት ተነሣ። እሳቱን የመርከቧ የራሷ ማጥፊያ መሣሪያ አጠፋው፤ የሞተም በእሳት የተጎዳም ሰው አልነበረም። እኔን ግራ ያጋባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እሳቱ ከጠፋና መርከቧ ካልተቀደደች፣ ለምን መሄድ አቃታት?

ጋሽ ታደሰ፦ ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ የነገሩ ሁሉ ማጠንጠኛም እሱ ነው። ብዙ ሰው የመርከብ ሞተር እንደ መኪና ሞተር በቀጥታ ፕሮፔለሩን የሚያዞር ይመስለዋል። በእንደዚህ ዓይነት መርከብ ላይ ግን ዲዝል ሞተሮቹ የሚያመነጩት ኤሌክትሪክ ነው፤ ያ ኤሌክትሪክ ደግሞ ፕሮፔለሩን የሚያዞሩትን ትልልቅ ሞተሮች፣ መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ምድጃውን፣ የውኃ ፓምፑን፣ አሳንሰሩንና መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር ያንቀሳቅሳል። ትራያምፍ ስድስት ዲዝል ሞተሮች ነበሯት። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ መርማሪዎች ከጥቂት ቀናት በኋላ እንዳስታወቁት፣ ከስድስተኛው ሞተር የተረፈውን ነዳጅ የሚመልሰው ተጣጣፊ ቱቦ አፈሰሰ፤ የፈሰሰው ነዳጅ የጋለ አካል ላይ አረፈና ተቀጣጠለ። አንድ ቱቦ ነው፣ ሊያ! ቤት ውስጥ ከጋዝ ሲሊንደር ወደ ምድጃ የምትዘረጊውን የመሰለ ጎማ ቢጤ። በአንዱ ሞተር ላይ የተነሣው እሳት የስድስቱንም ኃይል አሳጣት።

ሊያ፦ ግን መጠባበቂያ ጀነሬተር ሊኖራት ይገባ አልነበረምን?

ጋሽ ታደሰ፦ ነበራት። የእያንዳንዱ የመንገደኛ መርከብ ግዴታ ነው፤ ቢያንስ ለ36 ሰዓት መሥራት እንዲችልም በዓለም አቀፍ ደንብ ተደንግጓል። ዳሩ ግን ያ ጀነሬተር የተሠራው ሰውን ለማትረፍ እንጂ ለማኖር አይደለም። የአደጋ መብራት፣ የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ፣ ሬዲዮና የመገናኛ ድምፅ ማጉያ፤ ከዚህ ብዙም አያልፍም። አራት ሺህ ሰው የሚመገብበትን ወጥ ቤትና የሚጸዳዳበትን ቧንቧ አይሸከምም።

ሊያ፦ እርስዎ እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሞዎት ያውቃል?

ጋሽ ታደሰ፦ አንድ ጊዜ፣ ከአሰብ ወጥተን ወደ ጄዳ ስንሄድ፣ በነሐሴ ሙቀት። የነዳጅ ማጣሪያው ተደፍኖ ኖሮ ሌሊት ላይ ጀነሬተሩ ቆመ። እኛ ብላክአውት እንለዋለን። በወራት ጆሯችን የለመደው ጉርምርምታ በድንገት ሲቋረጥ፣ ተረኛ ያልነበርነውና ተኝተን የነበርነው ሁሉ እንደተጠራን ያህል በአንድ ጊዜ ከአልጋችን ተነሣን። በባትሪ ብርሃን ማጣሪያውን ፈትተን፣ አጥበን፣ መልሰን እስክናስነሣው አርባ ደቂቃ ያህል ፈጅቶብናል፤ በዚያች አርባ ደቂቃ ውስጥ መርከቧ አፍንጫዋን ከማዕበሉ አዙራ ጎኗን ሰጠችው፤ መንገላታትም ጀመረች። እነዚያ መንገደኞች አምስት ቀን ነው የቆዩት።

ሊያ፦ አፍንጫዋን አዙራ ያሉት ወደ መጸዳጃ ቤቱ ጉዳይ ይወስደናል፤ ምክንያቱም የትራያምፍ መንገደኞች ከሁሉ አብልጠው ያማረሩት እሱን ነው። በዚያው ሰሞን የእንግሊዝኛ መገናኛ ብዙኃን ያወጡላትን የፌዝ ስም እዚህ አልደግመውም፤ ከሰገራ ጋር የተያያዘ መሆኑን መናገሩ ይበቃል።

ጋሽ ታደሰ፦ ባትደግሚው ደስ ይለኛል፤ ቀልዱ በተቸገረ ሰው ላይ ነበርና። ነገሩ እንዲህ ነው። የመርከብ መጸዳጃ ቤት እንደ ቤታችን ውኃ ደፍተሽበት በስበት የሚወርድ አይደለም፤ እንደ አውሮፕላኑ በአየር መምጠጥ ይሠራል። የሚመጥጠው ፓምፕ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ፓምፑ ሲቆም በቧንቧው ውስጥ ያለው ሁሉ ባለበት ይቀራል፤ የማይንቀሳቀስ መርከብ ደግሞ ነፋስ ገፍቶት ዘንበል ሲል፣ በቧንቧው ያለው ወደ ዝቅተኛው በኩል ይሄድና ይገነፍላል። መንገደኞቹ የተናገሩት በትክክል ይህንኑ ነው። በአንዳንድ ኮሪደሮች ምንጣፉ ርሶ ነበር፣ ግድግዳው ላይም ይወርድ ነበር። በመጨረሻ ሠራተኞቹ ለደረቁ ነገር ቀይ የላስቲክ ከረጢት አደሉ፤ ሽንቱን በመታጠቢያው ፍሳሽ እንዲደፉት ነገሯቸው። አንዲት አያት ከልጅ ልጇ ጋር ለሽርሽር ወጥታ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ ቀይ ከረጢት ይዛ ስትቆም አስቢው።

ሊያ፦ የመኝታውም ነገር ከዚያ የተለየ አልነበረም። የታችኛዎቹ ደርቦች ክፍሎች ብዙዎቹ መስኮት ስለሌላቸው፣ ማቀዝቀዣው ሲቆም እንደ ምድጃ ጋሉ። ሰው ፍራሹን እየጎተተ ወደ ላይኛው ደርብ ወጣ፤ አንሶላ በወንበርና በደርቡ ጠርዝ መደገፊያ ብረት ላይ እየወጠረ ድንኳን ሠራ። ምግብ ለማግኘት ለሰዓታት ይሰለፉ እንደነበር፣ ደርሷቸው ያገኙት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሽንኩርት ብቻ የገባበት ሳንድዊች እንደነበር ተናግረዋል። የባለቤቷ የካርኒቫል ኩባንያ ሌሎች መርከቦች እየተጠጉ ምግብና ውኃ አቀበሏቸው፤ የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልጋት አንዲት መንገደኛም ወደ አንደኛዋ ተዛወረች። ረቡዕ ዕለት የባሕር ዳርቻ ጠባቂው ሄሊኮፕተር ተጨማሪ ጀነሬተር አደረሰላቸው።

ጋሽ ታደሰ፦ እዚህ ላይ ስለ ሠራተኞቹ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ያን ከረጢት የሰበሰበው ማነው? ያን ምንጣፍ በእጁ የጠረገውስ? ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድና ከሌሎች አገሮች መጥቶ በመዝናኛ መርከብ ላይ አልጋ የሚያነጥፈውና ሳሕን የሚያነሣው ሰው ነው። የእርሱም ክፍል ከሁሉ በታች፣ መስኮት በሌለበት ነው። ከመርከቧ ሲወርዱ በኩባንያው ላይ የተቆጡት መንገደኞች እንኳ ሠራተኞቹን አመስግነዋል። በዜናው ውስጥ ያ ምስጋና አንድ መስመር ነበር።

ሊያ፦ ወደ መጎተቱ እንሂድ። በመጀመሪያ የታሰበው በሜክሲኮ ወደምትገኘው ፕሮግሬሶ ወደብ ሊወስዷት ነበር። ይሁን እንጂ ጎታች ጀልባዎቹ እስኪደርሱ ድረስ የባሕሩ ሞገድ መርከቧን 145 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ስለወሰዳት፣ ከእርሷ እስከ ፕሮግሬሶና እስከ አሜሪካዋ ሞቢል፣ አላባማ ያለው ርቀት ተቀራረበ። ሌላም ምክንያት ተሰጥቷል፤ ከመንገደኞቹ 900 ያህሉ ፓስፖርት አልያዙም ነበር፤ ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ አሜሪካ ለሚመለስ የመርከብ ጉዞ የልደት የምስክር ወረቀትና መታወቂያ ይበቃልና። ሜክሲኮ ላይ ቢወርዱ በአውሮፕላን መመለሱ ሊወሳሰብባቸው ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ይህን ስሰማ ፈገግ አልኩ። የእኛ ሰው ከአገሩ ሲወጣ መጀመሪያ ኪሱን የሚዳብሰው ለፓስፖርቱ ነው።

ሊያ፦ እውነት ነው። ሐሙስ ፌብሩዋሪ 14 ቀን ወደ ሞቢል ሲቃረቡ ደግሞ የመጎተቻው ገመድ ተበጠሰ፤ ሌላ ጀልባ እስኪተካ ሰዓታት አለፉ። የቴሌቪዥን ሄሊኮፕተሮች በላይዋ እያንዣበቡ ነበር። ወደቡን የነካችው ከምሽቱ 3፡30 ገደማ ነው፤ አንድ አሳንሰር ብቻ ይሠራ ስለነበር የመጨረሻዎቹ መንገደኞች ወርደው ያለቁት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ወደ 100 የሚጠጉ አውቶቡሶች ተሰልፈው ይጠብቋቸው ነበር። ኩባንያው የከፈሉትን እመልሳለሁ፣ ለእያንዳንዱ 500 ዶላር እጨምራለሁ፣ ለሌላ ጉዞም በክፍያ ፋንታ የሚታሰብ ሒሳብ እሰጣለሁ አለ። ፕሬዝዳንቱ ጄሪ ኬሂል መርከቧ ላይ ወጥተው በአካል ይቅርታ ጠየቁ።

ጋሽ ታደሰ፦ ለሌላ ጉዞ! ከተቃጠለ ቤት ያወጡትን ሰው ሌላ ክፍል እናከራይህ እንደማለት ነው።

ሊያ፦ ብዙዎች ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በዚያ ክርክር የኩባንያው ጠበቆች ያቀረቡትን ሐሳብ ሳነብ ደጋግሜ ተመለስኩበት። መንገደኛው የፈረመው የቲኬት ውል ለባሕር ጉዞ ብቁ ለሆነ መርከብ፣ ለተሟላ ምግብ ወይም ንጹሕና ደኅንነቱ ለተጠበቀ መኖሪያ ዋስትና አይሰጥም ብለው ተከራከሩ። በሌላ በኩል ለፍርድ ቤቱ የቀረቡት ሰነዶች ስድስተኛው ሞተር የጥገና ጊዜው አልፎበት እንደነበር፣ ኩባንያውም ስለ ተጣጣፊ ቱቦዎች ማፍሰስ አስቀድሞ ለመርከቦቹ ማሳሰቢያ ልኮ እንደነበር አሳዩ።

ጋሽ ታደሰ፦ የጥገና ሰሌዳ የሚባለውን መዝገብ እኔ አውቀዋለሁ። በእኛም ጊዜ ቺፍ ኢንጂነሩ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት ይመዘግባል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈት ይላል፣ ከየብስ ያለው ቢሮ ደግሞ ይህን ጉዞ ጨርሱና ይላል። እኔ ግን ከቱቦው ይልቅ የምከራከረው በአሠራሩ ነው። ቱቦ ምንጊዜም ያፈሳል፤ ብረትና ጎማ ነውና። ጥያቄው አንድ ክፍል ሲቃጠል ሌላው ብቻውን መሥራት ይችላል ወይ ነው። የባሕሩ ዓለም ይህን አስቀድሞ ተረድቶታል። ግንባታቸው ከጁላይ 1 ቀን 2010 ወዲህ የተጀመረ ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች፣ አንድ ክፍል በእሳት ወይም በውኃ ቢጠፋባቸው በቀረው ኃይል ወደ ወደብ እንዲመለሱ፣ እስኪደርሱም ለመንገደኛው ውኃ፣ ምግብ፣ መጸዳጃና አየር ማቅረብ እንዲችሉ የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ደንብ ጸንቷል። ሁለት የሞተር ክፍል፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ ገመዶቹም በተለያየ መንገድ የተዘረጉ። ትራያምፍ የተሠራችው በጣሊያን ነው፣ ሥራ የጀመረችውም በ1999። ደንቡ አይመለከታትም ነበር።

ሊያ፦ ስለዚህ ሕጉ ነበረ፤ በውቅያኖሱ ላይ ያሉት አብዛኞቹ መርከቦች ግን ከሕጉ በፊት የተሠሩ ነበሩ ማለት ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ አዎን። ምልክቱም ቀድሞ ታይቷል። በኖቬምበር 2010 የዚያው ኩባንያ መርከብ ስፕሌንደር በሜክሲኮ የፓስፊክ ጠረፍ ተቃጥላ ወደ ሳን ዲዬጎ ተጎትታለች፤ ምግብ ያቀበላት ሮናልድ ሬገን የተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ጫኝ የጦር መርከብ ነው። በፌብሩዋሪ 2012 ደግሞ ኮስታ አሌግራ የተባለችው የመዝናኛ መርከብ ከማዳጋስካር ወደ ሲሼልስ ስትጓዝ፣ በእኛው በሕንድ ውቅያኖስ፣ ከሺህ በላይ ሰው ይዛ በእሳት ቆመች። የሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴዎች የሚፈሩበት ዘመን ስለነበር የታጠቁ ጣሊያናውያን ጠባቂዎች ተሳፍረውባት ነበር። ወደ ማሄ ደሴት ጎትቶ ያደረሳት ማን መሰለሽ? ትሬቪኞን የሚባል የፈረንሣይ ቱና አጥማጅ ጀልባ!

ሊያ፦ ከትራያምፍ በኋላስ ነገሩ ተለወጠ?

ጋሽ ታደሰ፦ በከፊል። ኩባንያው በዚያው ዓመት ኤፕሪል ውስጥ በ24 መርከቦቹ ላይ ተጨማሪ የአደጋ ጀነሬተርና የተሻለ የእሳት መከላከያ ለመግጠም 300 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በሜይ ደግሞ የመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች ማኅበር የመንገደኞች መብት የሚል ሰነድ አወጣ፤ በማሽን ብልሽት ለተቋረጠ ጉዞ ገንዘብ መመለስን ያካትታል። ዕድለ ቢሷ መርከብ ግን ከመከራዋ አልወጣችም ነበር። በኤፕሪል ሞቢል ውስጥ በጥገና ላይ ሳለች ኃይለኛ ነፋስ ገመዷን በጥሶ ወሰዳት፤ በዚያ አደጋ አንድ የጥገና ሠራተኛ ሞተ። ስለ እርሱ የተነገረው ከሽንኩርቱ ሳንድዊች ያነሰ ነው።

ሊያ፦ መርከቧ አሁንም አለች፤ በ2019 ታድሳ ካርኒቫል ሰንራይዝ ተብላለች። ጋሽ ታደሰ፣ ነገ ልጆችዎ የመርከብ ሽርሽር ቢጋብዙዎት ይሳፈራሉ?

ጋሽ ታደሰ፦ እሳፈራለሁ እንጂ፤ ባሕር ናፍቆኛል። ግን ስለ መዋኛ ገንዳው ሳይሆን መሠራት የጀመረችበትን ዓመት አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ከ2010 በፊት ከሆነ፣ ክፍሌ ከላይ በኩል፣ በረንዳ ያለው ይሁንልኝ።

ሊያ፦ በረንዳ ያለው ክፍል እኮ ዋጋው ውድ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ እሱን የጋበዙኝ ይጨነቁበት።