ትንሽ ልሸኝህ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጎንደር ነኝ። እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ባጃጄን አቁሜ፣ እራቴን በልቼ ነው የተቀመጥኩት። ውጭ ዝናብ ይዟል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከተሰማችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ዛሬ ስለ መሸኘት ነው የማወራው።

እኛ ቤት እንግዳ ዝም ብሎ አይሄድም። በር ድረስ ይሸኛል። በሩ ላይ ሌላ ወሬ ይጀመራል። ከዚያ ደግሞ እስከ አስፋልቱ። እማየ ነጠላዋን ደርባ ትከተላለች። «በቃ ተመለሽ» ይሏታል። «ትንሽ ልሸኛችሁ» ትላለች። ለአንድ ስኒ ቡና ጎራ ያለ ጎረቤት እንኳ እንዲህ ነው የሚሸኘው። ታዲያ አስርና አስራ አምስት ዓመት ለከተማው የሮጠ ኳስ ተጫዋች ለምን ሳይሸኝ ይቀራል? ይሄ ጥያቄ ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል።

የቀሰቀሰብኝ አንድ ቪዲዮ ነው። የአክስቴ ልጅ ሲያትል ነው የሚኖረው። እዚያ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ እዚህ ባጃጅ እነዳለሁ፤ ስንደዋወል ወሬያችን ነዳጅና ኳስ ነው። እሱ ግን እዚያ ሄዶ ቤዝቦል ለመደ። ለማታውቁት፣ አንዱ ትንሽ ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በእንጨት ዱላ መትቶ ይሮጣል። ከኛ ገና ጨዋታ ጋር አይገናኝም። የነሱ ዱላ ቀጥ ያለ ነው፤ ኳሷም በአየር ነው የምትመጣው። በአሜሪካ ትልቁ ሊግ አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር ብቻ 162 ጨዋታ ይጫወታል። ከመጋቢት እስከ መስከረም፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ይህን ሲነግረኝ እጄ ሳላስበው ወደ ጉልበቴ ሄደ።

ቪዲዮው የኢቺሮ ሱዙኪ ነው። ጃፓናዊ ነው። አገሩ ላይ 9 ዓመት ተጫውቶ፣ በፈረንጆቹ 2001 ወደ ሲያትል ማሪነርስ ሄደ። በ2004 በአንድ የውድድር ዘመን 262 የተሳካ ምት መትቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። በተጫወተበት ዘመን ሁሉ የመታው ጃፓን ውስጥ 1,278፣ አሜሪካ ውስጥ 3,089። ደምሩት፣ 4,367 ይመጣል።

እኔን የያዘኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። መጋቢት 2019 ነው፣ በፈረንጆቹ። ቡድኑ ጨዋታ ሊያደርግ ቶኪዮ ሄዷል። ኢቺሮ 45 ዓመቱ ነው። ያን ቀን አንዴም አልቀናውም። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ወደ ቦታው፣ ወደ ሜዳው ቀኝ ጥግ ሮጦ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ አሰልጣኙ ቀየረው። ሕዝቡ ብድግ አለ። ጓደኞቹም እየጠበቁ አንድ በአንድ አቀፉት። ከነሱ መሀል ኪኩቺ የሚባል ወጣት ጃፓናዊ አለ። በዚያ ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታው ነው ያ ቀን። ኢቺሮን አቅፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አንዱ በሚገባበት በር ሌላው ይወጣል።

ጨዋታው አለቀ። ሕዝቡ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። እየጠበቀ ቆየ። ኢቺሮ ተመልሶ ወጣና ሜዳውን እየዞረ እጁን አውለበለበ። በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገር፣ ይህን ካየሁ በኋላ ምን ይቆጨኛል የሚል ነገር አለ። ስልኬን ይዤ ፒያሳ ወረፋ ላይ ነበርኩ። ተሳፋሪ ሲመጣ «አንዴ ይቅርታ» ብዬ ፊቴን ጠረግሁ።

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹንም መፈለግ ጀመርኩ። ማሪያኖ ሪቬራ ከፓናማ ነው፤ የዓሣ አጥማጅ ልጅ። ለኒውዮርክ ያንኪስ 19 ዓመት ወርውሯል። በፈረንጆቹ 2013፣ በ43 ዓመቱ፣ በሜዳቸው ለመጨረሻ ጊዜ ሲወረውር፣ ሊቀይረው የወጣው አሰልጣኙ አልነበረም። በክለቡ አብረውት ያደጉት ሁለት ጓደኞቹ፣ ዴሪክ ጄተርና አንዲ ፔቲት፣ ከውጭ ተነስተው ወደ እሱ ሄዱ። ሲያያቸው ሳቀ። ከዚያ ፔቲት ትከሻ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ይህን ሀሳብ ያመጣው ሰው ልቡ ትልቅ ነው። «በቃህ» የሚለውን ቃል ከጓደኛ አፍ መስማት ሌላ ነው።

እዚያም ቢሆን ሁሉም እንዲህ አይሸኝም። ትልቁ ሊግ ሳይደርሱ በታችኞቹ ሊጎች የሚቀሩት ይበዛሉ። ቢሮ ተጠርተው «እናመሰግናለን» ተብለው ሻንጣቸውን ይዘው ይወጣሉ። ግን ቢያንስ ይጠራሉ። ትልቁ ሊግ የደረሰ ሰው ደግሞ 43 ቀን ካገለገለ ለጡረታ መብት ይበቃል። አርባ ሦስት ቀን! እኔ የተጫወትኩት 11 ዓመት ነው።

አዎ፣ ወደ ራሴ ልመጣ ነው።

ቀኝ ተከላካይ ነበርኩ። በታችኛው ሊግ ነው፤ የክለቡን ስም አልጠራም። ጉልበቴ ላይ ጅማት ተጎድቶ ነበር። ታክሜ ተመለስኩ፤ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። የመጨረሻ ጨዋታዬ ከሜዳ ውጭ ነበር። ዜሮ ለዜሮ ወጣን። ስልሳ ደቂቃ ገደማ ላይ ተቀየርኩ። አውቶቡስ ውስጥ ዳቦ በሻይ በላን፣ ተኛሁ፣ ጎንደር ስንደርስ ነቃሁ። የመጨረሻዬ መሆኑን ማን ነገረኝ? ማንም። ክረምቱ አለፈ፣ ስልኬ አልጠራም። አንድ ቀን ቢሮ ሄድኩ። የተጫዋቾች ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የለሁም። ጽዳት ላይ የነበሩት እናት «ማንን ነው የምትፈልግ ልጄ?» አሉኝ። ምን ልበል? ስሜን ነው የምፈልገው።

ታኬታዬ አሁንም አለ። በፌስታል ሆኖ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ጥርሶቹ መሀል የዚያ ሜዳ ጭቃ ደርቆ ተጣብቋል። ቀላ ያለ ነው፤ የኛ አገር አፈር ጠቆር ይላል። እማየ አንዴ ልታጥበው አውጥታ ስታየው ጮህኩባት፣ «እንዳትነኪው!» ብዬ። ደነገጠች። በእናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ምንም ሳትል መልሳ ሰቀለችው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እነቃ ነበር። የልምምድ ሰዓት ነው። ሰውነት ደብዳቤ አልደረሰውማ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በፈረንጆቹ 2010 ኒውዮርክ ላይ ጉልበቱ አስቸግሮት ማራቶኑን አቋርጦ «አቆምኩ» አለ። ቀናት ሳይቆይ ሀሳቡን ቀየረ። በቃ ብሎ የተሰናበተው በ2015 ነው። ያኔ አንዳንድ ሰው ተችቶት ነበር። እኔ አሁን በደንብ ይገባኛል። አፍህ ያለውን እግርህ ቶሎ አይሰማም።

ሰሞኑን ከአራዳ ወደ ማራኪ አንድ ሽማግሌ ጫንኩ። በመስታወቱ አየት አየት ያደርጉኛል።

«አንተ ልጅ፣ ኳስ ትጫወት አልነበር?»

«እጫወት ነበር አባባ።»

«ታዲያ የት ጠፋህ?»

የት ጠፋህ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ወደውኝ ነው የጠየቁኝ። ግን እኔ የትም አልጠፋሁም። እዚሁ ጎንደር ነኝ። በየቀኑ በፋሲለደስ ስታዲየም በር አልፋለሁ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን ከተማው ውስጥ ሲጨፍሩ ከነበሩት አንዱ ነኝ። ሰው ሳይሸኝህ ስትቀር ነው የጠፋህ የሚመስለው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እስካሁን ያወራሁት ወደዚህ ለመምጣት ነው።

እሁድ እሁድ የምንጫወትበት የሰፈር ጤና ቡድን አለን። በረኛችን ጋሼ ነው የምንላቸው። ብየዳ ነው ሥራቸው። ከ20 ዓመት በላይ በዚያ ግብ መሀል ቆመዋል። ዓይናቸው እየደከመ መጣ፤ የብየዳው ብርሃን ነው። ኳስ ከርቀት ስትመጣ አትታያቸውም። ሁላችንም እናውቃለን። ማንም አይናገርም። አንድ ሰው መናገር ነበረበት፤ እኔ ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር እንዳይሆን ፈለግሁ።

ያለፈው እሁድ ለልጆቹ ቪዲዮውን አሳየኋቸው። የሪቬራን። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ተነጋገርን። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኳሱን ወደ ውጭ መታነው። እኔና አንድ የድሮ ጓደኛችን ወደ ግቡ መሄድ ጀመርን።

ጋሼ ከሩቅ፣ «ምን ሆናችሁ? ኳሱን አስገቡት እንጂ!» አሉ።

ቀረብናቸው። አልተናገርንም። አየት አደረጉን፤ ከኋላችን ሁለቱም ቡድን ቆሞ እያጨበጨበ ነው። ገባቸው። «እንዴ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ጓንታቸውን ሊያወልቁ ሲሉ የቀኙ እምቢ አለ፤ አንጓው ላይ በፕላስተር ጠቅልለውታል። ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። በጥርሴ ቀድጄ ፈታሁላቸው።

ከዚያ ሜዳውን ለቀን ወጣን። እስከ አጥሩ። ከአጥሩ እስከ አስፋልቱ። ጋሼ ጓንታቸውን በደረታቸው እንደያዙ ቆም አሉና፣ «በቃ፣ በቃ ልጆቼ፣ ተመለሱ» አሉን።

«ትንሽ እንሸኝዎት» አልናቸው።