ሠንጠረዡን ታውቃለች፣ ስጠይቃት ግን ይጠፋታል

ጥያቄ (አንዲት እናት)፦ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። የማባዛት ሠንጠረዡን በቃሏ ትወርደዋለች። «ስድስት ጊዜ አራት» ስላት ግን ከአንድ ካልጀመረች አይመጣላትም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም። ቃሉን ይዛዋለች፣ ነገሩን ግን አላየችውም። ደብተሩን ትንሽ ያቆዩትና ቆርኪ ያምጡ። በየረድፉ 4 4 አድርጋ 6 ረድፍ ትደርድር። ቆርኪዎቹ ከላይ እስከ ታችም ቀጥ ብለው ይሰለፉ፤ ከተዛነፉ ጥቅሙ ይጠፋል። ከዚያ በረድፍ ትቁጠር፦ 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 20፣ 24።

አሁን ቆርኪውን ሳትነካ ዞራ በጎን በኩል ትቀመጥ። በየረድፉ 6 6 ሆኖ 4 ረድፍ ይታያታል። 6 ጊዜ 4 እና 4 ጊዜ 6 አንድ መሆናቸውን በዓይኗ አየች ማለት ነው። በቃሏ ከምትይዘው ግማሽ ያህሉ ተቃለለላት! ባለ 24 ጠርሙስ የለስላሳ ሳጥንም 4 በ6 ነው፤ ሱቅ አብራችሁ ስትሄዱ ያሳዩዋት።

7 ጊዜ 8 ላይ ብዙ ልጅ ይሰናከላል። 8 8 የሆነ 7 ረድፍ ትደርድርና ከአምስተኛው ረድፍ በታች እርሳስ ታጋድም። ከእርሳሱ በላይ 40፣ በታች 16፤ ድምሩ 56። ይህንን የለመደች ልጅ ብትረሳ እንኳ መልሱን ራሷ ታወጣዋለች።

ጥያቄ (አንድ አባት)፦ የኔ ልጅ ደግሞ ማካፈል ሲባል ያለቅሳል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንደ አዲስ ትምህርት ሲመጣበት ነው የሚፈራው። ያንኑ 24 ቆርኪ ይስጡትና በ4 ረድፍ እኩል ይደርድር። በየረድፉ ስንት ደረሰ? 6። ሌላ ቀን ጥያቄውን ይገልብጡለት፦ በየረድፉ 4 4 ብታደርግ ስንት ረድፍ ይወጣል? መልሱ ያው 6 ነው፤ ጥያቄው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ብስኩት ለ4 ልጆች ማካፈል ነው፤ ሁለተኛው ብስኩቱን 4 4 አድርጎ መቋጠር። ልጆች የሚምታታባቸው እዚህ ጋ ነው፤ እኛም ለይተን አንነግራቸውም። ሲለምድ 26 ይስጡት። ረድፍ ያልሞሉት 2 ቆርኪዎች «ቀሪ» የምንላቸው ናቸው።

ጥያቄ (አንዲት መምህርት)፦ ክፍሌ ውስጥ 60 ተማሪ አለ። ለስንቱ ቆርኪ ላድል?

መልስ፦ መምህርት፣ ነጥብ በደብተር ላይ ይበቃል፤ ባለ ካሬ ደብተር ካላቸው ደግሞ ካሬዎቹን ያቅልሙ። ቆርኪ ለሚቸገሩት ብቻ ያስቀሩላቸው።