ድምፁ ይቅደም

ክቡራን መምህሮቻችን፣ ውድ ወላጆችና እንግዶች፣ አብራችሁኝ የተማራችሁ ጓደኞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ እዚህ ፒያሳ የመጣችሁት የተማሪዎችን ሥራ ለማየት ነው። የጥሪ ወረቀቱም «መጥታችሁ እዩልን» ይላል። እኔ ግን ሥራዎቹ ከመቅረባቸው በፊት ስለ መስማት ትንሽ ላውራችሁ። በዚህ ትምህርት ቤት ቪዲዮ፣ ድምፅና አኒሜሽን ተምረናል። ሦስቱንም በዋናነት የተማርነው በፕሮጀክት ነው። ሥራ ይሰጠናል፣ በቡድን እንሠራለን፣ ክፍል ውስጥ ይታያል፣ ከዚያ ሁሉም አስተያየቱን ይሰጣል። እንዲህ እየተማርን ቆይተን እኔ አንድ እምነት ላይ ደርሻለሁ። ከሦስቱ መቅደም ያለበት ድምፅ ነው። በአገራችን ደግሞ ወደ ኋላ የቀረው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ሥራችን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነበር። ትእዛዙ አጭር ነው። በእጁ የሚሠራ ሰው ፈልጉ፣ አንድ ሥራ ሲጀምርና ሲጨርስ አሳዩ፣ ማንም እንዳይናገር። የእኛ ቡድን እዚሁ አካባቢ አንድ ሰዓት ሠሪ አገኘ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሱቃቸው ጠባብ ናት። ካሜራው፣ ትራይፖዱና እኛ ስንገባ ደንበኛ የሚቆምበት ቦታ አልቀረም። እሳቸው ግን ታግሰውናል።

ስለ ምስል የተማርነውን እዚያች ሱቅ ውስጥ ሞክረነዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከአናት ትወርድና የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ደጅ ያለውን በጠዋት፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ መቅረጽ ይሻላል። የቤት ውስጥ መብራት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። በዚህ የሚሠራ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። ኢንተርኔት ላይ የምናገኛቸው ብዙ ማስተማሪያዎች የሚሠሩት አሜሪካ ነው። እዚያ መስመሩ 60 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ማለትም 30 ነጠላ ምስል፣ ቅረጹ ይላሉ። ያንን እዚህ እንዳለ ብትወስዱት ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። መምህራችን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተሩ፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ ደግሞ የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ እንዲሆን ያዘዙን ለዚህ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ትምህርቱን ከምንኖርበት ከተማ ጋር ያገናኘልኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ቪዲዮው ሲያልቅ መምህራችን ሦስት ጊዜ አሳዩት። መጀመሪያ ያለ ምንም ድምፅ። ከዚያ ሙዚቃ ተደርጎበት። በመጨረሻ ጋሼ በሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠች ትንሽ ማይክ የተቀዳው ድምፅ ብቻ ገባበት። ምስሉ ያው ነው። አንድም ሾት አልተቀየረም።

ያለ ድምፅ ስናየው ጥሩ ፎቶ ነው ተባለ። በሙዚቃ ሲሆን ቆንጆ ማስታወቂያ መሰለ። በሦስተኛው ግን ክፍሉ ወደ ፊት ተጠጋ። ብሎኗ መስታወት ላይ ስትወድቅ ትሰማለች። የጋሼ ትንፋሽ ይሰማል። ጋሼ ሰዓቱን ከመክፈታቸው በፊት ጆሯቸው ላይ ያስጠጉታል። በድምፅ አልባው ስናየው ይህን ማንም ልብ አላለውም ነበር። ድምፁ ሲገባ ግን ለምን እንዲያ እንደሚያደርጉ ሁላችንም ገባን። ችግሩን የሚፈልጉት እያዳመጡ ነው። የቪዲዮው ትልቁ ነገር እሱ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የድምፅ ፕሮጀክት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ማይክ የሚያዳምጠው እንደ ሰው አይደለም። ሰው ታክሲ ውስጥ ራዲዮው እየጮኸ፣ ወያላው «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ የጓደኛውን ወሬ ለይቶ ይሰማል። አእምሯችን የማይፈልገውን ይቀንሳል። ማይክ አይቀንስም፣ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚወስደው። መፍትሔው ውድ ዕቃ መግዛት ብቻ አይደለም። መጠጋት ነው። ክፍት ቦታ ላይ ከተናጋሪው ያላችሁ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ መጠን በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። የአካባቢው ጫጫታ ግን ባለበት ነው። ካሜራ ላይ የተገጠመ ማይክ ሦስት ሜትር ርቆ ቃለ መጠይቅ የሚቀዳ ከሆነ፣ እየቀዳ ያለው መንገዱን ነው። ርካሽ የደረት ማይክ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ሲሰካ፣ ሩቅ ከቆመ ውድ ማይክ የተሻለ ይሰጣችኋል። ይህን በሁለት ዓይነት ቀድተን፣ ጎን ለጎን አድርገን ሰምተነዋል። ክርክር የለውም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ዝምታ ነው። በመሀል አዲስ አበባ ዝምታ የት አለ? ሌሊት ውሻ ይጮኻል። ንጋት ላይ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴው፣ ከኑር መስጊድ አዛኑ ይሰማል። ቀን ጄኔሬተር አለ፣ ግንባታ አለ። ክረምት ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ስለዚህ የተማርነው ዝምታን መፈለግ ሳይሆን የየቦታውን ድምፅ ማክበር ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም ሰው ባለበት ቆሞ፣ ማንም ሳይናገር፣ የቦታው ድምፅ ብቻ ለአንድ ደቂቃ ይቀዳል። ኤዲት ስናደርግ ንግግር የቆረጥንበትን ክፍተት የምንሞላው በእሱ ነው። እሱ ከሌለ በየቁርጡ ድምፁ ብልጭ ድርግም ይላል። ተመልካቹ ምን እንደጎደለ ላያውቅ ይችላል፣ ግን ፊልሙን ማመን ያቆማል።

ከዚያ ፎሊ መጣ። ስሙ ሆሊውድ ውስጥ ይሠራ ከነበረው ከጃክ ፎሊ የተወሰደ ነው። ምስሉን እያዩ ድምፁን በእጅ፣ በእግር፣ በተገኘው ዕቃ መሥራት ማለት ነው። ድምፁ የጠፋ ቪዲዮ ተሰጠንና ሁሉንም ከዜሮ ሠራነው። ቆሎ ሰፌድ ላይ በቀስታ ሲንከባለል ዝናብ ይሆናል። ፌስታል በሁለት እጅ ሲታሽ እሳት ይሆናል። ነጠላ አጠፍ አድርጎ ቶሎ ቶሎ ማርገብገብ የወፍ ክንፍ ነው። ከየቤታችን ብርድ ልብስና ጋቢ አምጥተን ግድግዳው ላይ ሰቀልን፣ ክፍሉ እንዳያስተጋባ። በትምህርት ዘመኔ ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት በዚያ ሳምንት ነው። ሌላው ቀርቶ ቀረጻ የሚያስፈራቸው ጓደኞቻችን እንኳ በዚያ ሥራ ላይ ወደ ፊት ወጥተዋል።

ወላጆቻችን የማወራውን ነገር ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በብዙ ቤት የነበረው ሬዲዮ ብቻ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ልብ ወለድ ሲተርክ ያደመጠ ሰው የገጸ ባሕርያቱን መልክ በጆሮው አይቷል። ካሜራ አልነበረም፣ መብራት አልነበረም። አንድ ድምፅ ነበር፣ በሚገባ የተቀዳና በሚገባ የተነበበ። ይህ ሁሉ የማድመጥ ባህል ያለው ሕዝብ ሲኒማ ቤት ገብቶ «ምን አለ? ምን አለች?» እያለ ጎረቤቱን ሲጠይቅ ማየት ያሳዝነኛል። ለሌንስና ለድሮን የሚከፈለው ገንዘብ አለ። ለድምፅ ባለሙያው ሲሆን ግን «እሱን በኋላ በዳቢንግ እናስተካክለዋለን» ይባላል። በኋላ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ተዋናዩ ቦታው ላይ፣ በዚያች ሰዓት የተናገረው ነገር ስቱዲዮ ውስጥ ተመልሶ አይገኝም።

አሁን ወደ አኒሜሽን ልለፍ። እኔ አኒሜሽን ማለት ሥዕል ነው ብዬ ነበር የገባሁት። በሰከንድ 24 ፍሬም ይሄዳል። ብዙ ጊዜ አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያዝ በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃል። ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው እርሳስ ማንሳት ያምረዋል። መምህራችን ግን አስቆሙን። ገጸ ባሕርዩ የሚናገር ከሆነ መጀመሪያ ድምፁ ይቀዳል፣ ሥዕሉ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን ቢባል፣ አፉ የሚከፈተውና እጁ የሚወናጨፈው ንግግሩን ተከትሎ ነው።

የአንዷ ጓደኛችን አያት ተረት ያውቃሉ። ሬከርደሩን ይዛ ሄደች። እሳቸው «ተረት ተረት» ሲሉ፣ ቤት ውስጥ ያሉት ልጆች «የላም በረት» ብለው ሲመልሱ አብሮ ተቀዳ። የልጆቹን ድምፅ አናወጣውም አልን። ሥራውን የመራችው ያቺ ቅጂ ናት። አያትየዋ፣ በተረቱ ውስጥ ያለችው ጦጣ የምትፈራበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። ያ ማቆም ለእኛ ሥዕል ሆነ። ጦጣዋ እግሯን እንዳነሳች ትቀራለች። ማናችንም ተቀምጠን ብናስብ እንዲህ ያለ ነገር አንፈጥርም ነበር።

ቀጥሎ የአፍ እንቅስቃሴ አለ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት የአፍ ቅርጽ ሰንጠረዦች በአብዛኛው ለእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው። በእነሱ ሞከርነው፣ ጦጣዋ አማርኛ የምትናገር አልመሰለችም። አንዱ ልጅ ተነሥቶ የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። እዩት እንግዲህ። 33 ፊደል፣ በሰባት ቤት፣ 231 ይሆናል። ሰባቱ ቤቶች ራሳቸው የአፍ ቅርጽ ናቸው። ካዕብና ሳብዕ ላይ ከንፈር ይሞጠሙጣል። ሳልስና ኃምስ ላይ ወደ ጎን ይሳባል። ራብዕ ላይ አፍ ይከፈታል። ከዚያ መ፣ በ፣ ፐ እና ጰ ሲመጡ ከንፈር ይገጥማል። ፈ ላይ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይነካል። ሌሎቹ አብዛኞቹ አፍ ውስጥ ስለሚሠሩ ከውጭ ብዙም አይታዩም። ቤቱን ብቻ መከተል ይበቃል። እንዲህ ሆኖ 231ዱ ወደ ጥቂት ሥዕሎች ወረደ።

አንድ ነገር ግን ፊደሉ አያሳይም፤ መጥበቅና መላላትን። «አበባ» ስንል በ ላልቶ ቶሎ ያልፋል። «ሰበረ» ስንል ግን ይጠብቃል፣ ከንፈር ገጥሞ ይቆያል። ጽሑፉን ብቻ አይቶ የሚሥል ሰው ይህን ያልፈዋል። የሚሰማ ሰው ግን የተገጠመውን ከንፈር ትንሽ አቆይቶ ይከፍተዋል። ያኔ ጦጣዋ አማርኛ ተናገረች። ይህን ሰንጠረዥ አጽድተን ለሚቀጥለው ክፍል ትተንለታል። ብሌንደር በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራምም ሆነ በእጅ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል።

ስለዚህ ዛሬ የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ። ለትምህርት ቤታችን፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ስጡን። ስቱዲዮ አላልኩም። በሩ በደንብ የሚዘጋ፣ ግድግዳው በወፍራም ጨርቅ የሚሸፈን፣ ከመንገድ ራቅ ያለ ክፍል ይበቃናል። ለፊልም ሠሪዎች፣ ካሜራማን እንደምትቀጥሩ ሁሉ ድምፅ የሚይዝ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ቅጠሩ። እዚህ ቡም፣ ማለትም ማይክ የሚሰቀልበትን ረጅም ዘንግ፣ ይዞ ቀኑን ሙሉ መቆም የሚችሉ፣ ሄድፎን አድርገው የሚሰሙትን ለይተው የሚያውቁ ልጆች አሉ። ስክሪፕት ስታነቡ አብረዋችሁ ያንብቡ፣ የቀረጻ ቦታ ስትመርጡ አብረዋችሁ ይሂዱ። ቦታው ለዓይን አምሮ ለጆሮ የማይሆን ከሆነ ቀድመው ይነግሯችኋል።

ለሁላችሁም ደግሞ ይህን እጠይቃለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ አካባቢ ምን ያህል እንደተለወጠ አይታችኋል። አሮጌዎቹ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ሰው ፎቶ አነሣ። ድምፃቸውን የቀዳ ስንት ሰው ነው? የእንጨቱን ደረጃ፣ የብረት በሩን፣ ግቢ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጠራራበትን? ፎቶው አለ። ያ ድምፅ ግን ካልተቀዳ የለም። እኛ ተማሪዎች የአዲስ አበባን ድምፅ መሰብሰብ ጀምረናል። ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን እየጻፍን ለፊልም በሚሆን ጥራት፣ በ48 ኪሎኸርዝ እናስቀምጠዋለን። ነገ ስለዚህ ከተማ ፊልም ለሚሠራ ሰው ይሆናል።

ሊዘጋ የተቃረበ የሸክላ ማጫወቻ መጠገኛ የምታውቁ፣ አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ያላችሁ፣ ተረት የሚያውቁ እናት ያሏችሁ፣ ከዝግጅቱ በኋላ በሩ ላይ መዝገብ ይዘው የሚቆሙ ጓደኞቻችንን አነጋግሩ። ሰፈራችሁንና የሚመቻችሁን ቀን ብቻ ንገሯቸው። ሬከርደሩን ይዘን ቤታችሁ ድረስ እንመጣለን።

አመሰግናለሁ።