እያንዳንዱ የይዘት ዓይነት የራሱ ሙያ አለው፦ በዊኪ አርታኢዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣
የተከበራችሁ ተጋባዥ እንግዶች፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጥሪያችንን አክብራችሁ በዚህ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ስለተገኛችሁ በሥራ አመራር ኮሚቴውና በራሴ ስም ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የሥራ ክንውኑንና የሒሳብ ዘገባውን የሚመለከታቸው ኃላፊዎች በየተራቸው ስለሚያቀርቡ እኔ ወደዚያ አልገባም፤ የተሰጠኝን ጊዜ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ላውለው እወዳለሁ። ጉዳዩም አዳዲስ አባሎቻችንን አርትዖት የምናስተምርበት መንገድ ነው።

የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያው ዋርድ ካኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያውን ዊኪ ለሕዝብ ሲከፍት ሐሳቡ ማንኛውም አንባቢ ገጹን ከፍቶ፣ የጎደለውን ሞልቶ፣ መልሶ ማስቀመጥ ይችላል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ውክፔዲያም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ገጽ ማለት በአብዛኛው ጽሑፍ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን በአንድ ገጽ ላይ ጽሑፍ፣ ሠንጠረዥ፣ ምስል፣ የግርጌ ማስታወሻ፣ መለጠፊያ (አንድ ጊዜ ተጽፎ በብዙ ገጾች ላይ የሚጠራ ቅንብር)፣ መደብ (ተመሳሳይ ገጾች የሚሰበሰቡበት ክፍል)፣ እንዲሁም ከሌላ የመረጃ ቋት የሚመጣ ቁጥር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሥልጠናችን ይህንን ለውጥ አልተከተለም። የአርትዖት ቁልፉን አሳይተን፣ ገጹ ስለሚጻፍባቸው ቅንፎች ጥቂት ተናግረን፣ ሰልጣኙ ሁሉንም እንደተማረ ቆጥረን እንሸኘዋለን።

ከጽሑፍ ልነሣ። ቀላል የሚመስለን እሱ ቢሆንም ስሕተት በቀላሉ የሚሸሸገውም እዚያው ነው። ለምሳሌ መጨረሻው ላይ የግርጌ ማስታወሻ ያለውን አንድ አንቀጽ እንውሰድ። አዲሱ አርታኢ በቅን ልቦና፣ በሌላ ቦታ ያነበበውን አንድ ሐሳብ ከአንቀጹ መካከል ቢያስገባ፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በማስታወሻው የተጠቀሰው ምንጭ ያላለውን ነገር እንዳለ ተደርጎ ይነበባል። ዐረፍተ ነገሩ የተስተካከለ፣ ሐሳቡም ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ገጹ ግን አንባቢውን ማሳሳት ጀምሯል፤ ጉድለቱም ዓይን ውስጥ የማይገባ በመሆኑ ለዓመታት ሳይታረም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የጽሑፍ አርትዖት ትምህርት ከምንጭ አጠቃቀም ትምህርት ሊነጠል አይገባም። እንዲያውም የአዲስ አባል የመጀመሪያ ሥራ አዲስ ገጽ መክፈት ሳይሆን፣ ያሉትን ማስታወሻዎች እየተከተለ ምንጮቹን ማንበብና ገጹ ከሚለው ጋር ማመሳከር ቢሆን እመርጣለሁ። ሥራው አሰልቺ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ሌላው ሁሉ የሚገነባው በእሱ ላይ ነው።

ምስል ሲሆን ጥያቄው ከቋንቋ ወጥቶ ወደ መብት ይሸጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው የጋራ የምስልና የድምፅ ፋይሎች ማከማቻ፣ ዊኪሚዲያ ኮመንስ፣ የሚቀበለው ነፃ ፈቃድ ያላቸውን ወይም የቅጂ መብት ገደብ የሌለባቸውን ፋይሎች ብቻ ነው፤ «ለንግድ አይውልም» የሚል ገደብ ያለበት ፈቃድ ብቻውን እዚያ ተቀባይነት የለውም። ብዙ ሰልጣኞች የሚደናገሩት ግን ከዚህ ይልቅ በገዛ ካሜራቸው ባነሡት ፎቶ ላይ ነው። አንድ ሰው የሠዓሊን ሸራ ወይም በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ፎቶ ቢያነሣ፣ ፎቶው የእሱ ቢሆንም በፎቶው ውስጥ ያለው ሥራ የሌላ ሰው ነው። ይህንን ሰልጣኙ ፋይሉን ከመጫኑ በፊት ሊያውቀው ይገባል፤ ፋይሉ ከተሰረዘበት በኋላ የሚሰጥ ማብራሪያ ቅሬታ እንጂ ትምህርት አይሆንለትም። ምስሉን ማየት ለማይችሉ አንባቢዎች የሚጻፈው ገላጭ ጽሑፍም የዚሁ ትምህርት አካል ሊሆን ይገባል።

ስለ ሠንጠረዥ ብዙ አልልም፤ ቁጥርና ቃል በአንድ ዐምድ ውስጥ ሲደባለቁ በቅደም ተከተል መደርደር እንደሚበላሽ ማሳየት ግማሹን ሥራ ይሠራል።

መለጠፊያ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በድርብ ጥምዝ ቅንፍ የሚጠራ አንድ መለጠፊያ በብዙ ሺህ ገጾች ላይ ሊገኝ ስለሚችል፣ በእሱ ላይ የተዘነጋ አንድ ቅንፍ እነዚያን ገጾች ሁሉ በአንድ ጊዜ ያበላሻል። በብዛት የሚሠራባቸው መለጠፊያዎች በበርካታ ዊኪዎች ላይ የተቆለፉትም በዚህ ምክንያት ነው። ሰልጣኙ መለጠፊያው የት የት እንደተጠራ ማየትን፣ ለውጡን አስቀድሞ በመለማመጃ ገጽ መፈተንንና በውይይት ገጹ ላይ ማሳወቅን ካልለመደ ወደዚህ ሥራ ባይገባ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በስፋት ሥራ ላይ የዋለው፣ ገጹን አንባቢ በሚያየው መልኩ ለማረም የሚያስችለው ቪዥዋል ኤዲተር ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ትልቅ እፎይታ መሆኑን አምናለሁ፤ የመለጠፊያን የውስጥ አሠራር ለመረዳት ግን የምንጭ ኮዱን ራሱን ከማንበብ ሌላ አማራጭ የለም።

እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚሠራው የጋራ የመረጃ ቋት፣ ዊኪዳታም፣ እንዲሁ ነው። በዚያ የሚገባ መረጃ በዐረፍተ ነገር አይደገፍም። የአንድ ከተማ የሕዝብ ቁጥር ከነቆጠራው ዓመትና ከነምንጩ ካልተመዘገበ የማን፣ የመቼ እንደሆነ የማይታወቅ አኃዝ ሆኖ ይቀራል፤ የተሳሳተ ከሆነም መረጃውን ከዚያ በሚቀዱ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ገጾች ላይ ይታያል። በጽሑፍ የተካነ አርታኢ እዚህ ሲደርስ እንደገና ጀማሪ መሆኑን ቢቀበል አያፍርበትም።

እነዚህን ሁሉ ያነሣሁት ለጉባኤው ውሳኔ የሚቀርብ ሐሳብ ስላለኝ ነው። ሥልጠናችን በይዘት ዓይነት እንዲከፈል፣ እያንዳንዱም ክፍል በዚያው ዘርፍ በሚሠሩ አባላት እንዲመራ እጠይቃለሁ። አሠልጣኙ ሰልጣኙ የሚያርማቸውን ገጾች በክትትል ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አብሮት ይቆይ፤ ለውጡን ሽሮ ገጹን ወደ ቀድሞው መመለስ ካስፈለገም ምክንያቱን በአርትዖት ማጠቃለያው ላይ ይጻፍለት። ያለ አንዲት ቃል የተመለሰ ለውጥ አዲስ ሰውን ከማባረር በቀር የሚያስተምረው ነገር የለም። ከዚህም ጋር የአባላትን ትጋት በከፈቱት አዲስ ገጽ ብዛት የመመዘን ልማዳችንን እንድንተው አሳስባለሁ፤ ምንጭ ሲያመሳክር የዋለ ወይም የፎቶ ፈቃድ ሲያጣራ ያመሸ አባል በዚህ መስፈሪያ አንዳች እንዳልሠራ ሆኖ ተቆጥሯል።

የሐሳቡ ዝርዝር በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ስለሚታደላችሁ ከሰዓት በኋላ በሚኖረው ውይይት እንድትተቹት፣ እንድታሻሽሉትና በድምፅ እንድትወስኑበት እየጠየቅሁ፣ ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ።

አመሰግናለሁ።