የሚከፍላችሁ ማን ነው? ከግል ብሎግ ገንዘብ ስለማግኘት

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማነሳውም ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ነገር ነው። ከግል ብሎግ ገንዘብ ይገኛል ወይ? ከተገኘስ በምን በኩል? በመሃል የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

ይገኛል። ግን እኔ ከዚያ በፊት መመለስ አለበት የምለው ሌላ ጥያቄ አለ፤ የሚከፍላችሁ ማን ነው? አስተዋዋቂ ሊሆን ይችላል። ዕቃ ሻጭ ሊሆን ይችላል። አንባቢ ሊሆን ይችላል። ጽሑፋችሁን አይቶ ሥራ የሚሰጣችሁ ሰውም ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ እጃችሁ ላይ ሲገባ አንድ ነው፤ የሚያስጽፋችሁ ነገር ግን አንድ አይደለም። ሰው ውሎ አድሮ የሚጽፈው ለከፋዩ ነው። ማንም በክፋት አይደለም የሚያደርገው፤ ቀስ በቀስ፣ በየጽሑፉ ትንሽ ትንሽ እያዘነበለ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የገቢ መንገድ ስትመርጡ ለማን እንደምትጽፉም እየመረጣችሁ ነው። ይህን ነገር ከልቤ ነው የምለው፤ ምክንያቱም እወዳቸው የነበሩ ብሎጎች በዚህ መንገድ ሲለወጡ አይቻለሁ።

ከማስታወቂያ ልጀምር፤ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ስለሆነ። የድረ ገጽ ባነር ማስታወቂያ በጥቅምት 1994 ሆትዋይርድ የተባለ የኢንተርኔት መጽሔት ላይ ሲወጣ ማስታወቂያ ማግኘት የሚችለው የሽያጭ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ነበር። በ2003 ጎግል አድሴንስን፣ ማለትም በሌሎች ሰዎች ገጽ ላይ ማስታወቂያ እያስቀመጠ ለባለ ገጹ የሚከፍለውን አገልግሎት ሲጀምር ግን ነገሩ ተቀየረ። በዚያው ዓመት ጎግል ብሎገር የተባለውን የብሎግ መክፈቻ አገልግሎት ገዛ፤ ሌላው የብሎግ መሥሪያ ዎርድፕረስም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ ጽፎ፣ አመልክቶ ሲፈቀድለት የማስታወቂያውን ኮድ ገጹ ላይ አስገብቶ ገንዘብ የሚያገኝበት በር የተከፈተው ያኔ ነው። ያ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ዛሬም አክብሮት አለኝ።

አሁን ግን ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ገጻችሁ በ1,000 እይታ 2 ዶላር ያስገባል እንበል። በወር 10,000 እይታ ካላችሁ 20 ዶላር ነው። አድሴንስ ደግሞ ቢያንስ 100 ዶላር እስኪጠራቀም አይከፍልም። የመጀመሪያዋን ክፍያ ለማየት ቢያንስ አምስት ወር መጠበቅ ማለት ነው። በወር 1,000 ዶላር የምትፈልጉ ከሆነ ግማሽ ሚሊዮን እይታ ያስፈልጋችኋል፤ በየወሩ! ለአንድ ሰው ብሎግ ይህ በጣም ትልቅ ቁጥር ነው። የ2 ዶላሩም ነገር ቢሆን በእናንተ እጅ አይደለም። ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ብድር ወይም ስለ ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው የተሻለ ይከፈለዋል፤ እዚያ አስተዋዋቂዎች ይሻማሉ። ስለ ሐዘን፣ ስለ ልጅነት፣ ስለ ግጥም የሚጽፍ ሰው ያነሰ ያገኛል። አንባቢው ያለበት አገርም፣ የምትጽፉበት ቋንቋም ዋጋውን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። አድሴንስ የማይደግፋቸው ቋንቋዎችም ስላሉ ይህን ሳታረጋግጡ ምንም ዕቅድ አታውጡ።

ከሂሳቡ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እይታ የሚከፍላችሁ ከሆነ እይታ ማምረት ትጀምራላችሁ። በአንድ ጽሑፍ ያልቅ የነበረው ሐሳብ አምስት ይሆናል። ርዕሱ ይጋነናል። የምትጽፉት የተሰማችሁን መሆኑ ይቀርና ሰው ጎግል ላይ የሚፈልገውን መጻፍ ትጀምራላችሁ። የፍለጋው ሕግ ደግሞ የእናንተ አይደለም። በየካቲት 2011 ጎግል የፍለጋ ውጤቶችን በሚደረድርበት መንገድ ላይ ፓንዳ የተባለውን ለውጥ ሲያደርግ፣ ለፍለጋ ብቻ ተብለው በገፍ የሚመረቱ ጽሑፎችን ይዘው የነበሩ ድረ ገጾች ባንድ ጊዜ ወደ ታች ወረዱ። በ2022 ሌላ ትልቅ ለውጥ መጣ። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ጎግል ለብዙ ጥያቄዎች መልሱን ከውጤቶቹ በላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አዘጋጅቶ ስለሚያቀርብ፣ አንባቢው ገጻችሁን ሳይከፍት የሚፈልገውን አግኝቶ ሊሄድ ይችላል። ገጻችሁን ላላየ ሰው አስተዋዋቂ አይከፍልም።

እንዲህ ስል ማስታወቂያ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ሰው ለማጣቀሻ ተመላልሶ የሚያያቸው ብዙ ጽሑፎች ካሏችሁ፣ ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ የሚነበቡ ከሆነ፣ ማስታወቂያ ለእናንተ ተገቢ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የግል ነገር የጻፍኩባቸው ገጾች ላይ ማስታወቂያ አላስገባም። ወላጁን ያጣ ሰው ሊጽናና የከፈተው ገጽ ላይ የጫማ ቅናሽ ሲዘልበት ይታያችሁ! ያን የሚያህል ዋጋ ያለው ሳንቲም የለም።

ሁለተኛው መንገድ ኮሚሽን ነው። የአንድን ዕቃ ሊንክ ታስቀምጣላችሁ፤ አንባቢው በእሱ በኩል ሄዶ ከገዛ የተወሰነ በመቶ ይደርሳችኋል። አማዞን ይህን የጀመረው በ1996 ነው፤ ከማስታወቂያው የሚሻልበት ነገር አለው። አንባቢው ገንዘብ ሊያወጣ ባሰበበት ሰዓት በእውነት ከረዳችሁት፣ ጥቂት አንባቢም ቢኖራችሁ ገቢ ይኖራል። ስለ ካሜራ ሌንስ አንድ ጥንቅቅ ያለ ጽሑፍ ከመቶ ጠቅላላ ጽሑፍ ሊበልጥ ይችላል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ደመወዛችሁን የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነው። በሚያዝያ 2020 አማዞን የቤት ዕቃና የጓሮ ዕቃ ኮሚሽኑን ከ8 በመቶ ወደ 3 በመቶ አወረደው። በዚያ ዘርፍ ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች አንድም ቃል ሳይቀይሩ ገቢያቸው ከግማሽ በታች ሆነ። ሁለተኛው ችግር ይበልጥ ስውር ነው፤ ኮሚሽን የሌለው ጥሩ ዕቃ ቀስ እያለ ከጽሑፉ ይጠፋል። እኔ ለዚህ አንድ ልማድ አለኝ። ፍርዴን መጀመሪያ እጽፋለሁ፤ ይህን ግዙ፣ ያን አትግዙ ብዬ እጨርሳለሁ። ሊንክ አለው የለውም ብዬ የምፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ማስጠበቅ ብቻውን ብዙ ነገር ያድናል።

እና እባካችሁ ግንኙነታችሁን ግለጡ። ግለጡት ስል ከገጹ ግርጌ በደቃቃ ፊደል አይደለም፤ ከላይ፣ ሊንኩ ከመምጣቱ በፊት፣ በግልጽ ቋንቋ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2009 መመሪያውን ሲያሻሽል ብሎገሮችም ክፍያ ወይም ነጻ ዕቃ ተቀብለው ሲጽፉ ያንን መግለጽ እንዳለባቸው በምሳሌ አስቀምጧል። ሕግ በሌለበትም ቢሆን አንባቢ ይህን ማወቅ መብቱ ነው። በድርጅት ተከፍሎ ስለሚጻፍ ጽሑፍም የምለው ይኸው ነው። ከፋዩ ጽሑፉ ሳይወጣ ልየውና ላርመው ካለ ያ ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ተብሎ ይጠራ።

ወደ ሦስተኛው ልሂድ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። አንባቢው ራሱ ሲከፍል።

ጄሰን ኮትኪ የሚባል አሜሪካዊ ብሎገር በ2005 ሥራውን ትቶ ለብሎጉ አንባቢዎቹን ድጋፍ ጠየቀ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች አዋጥተው ወደ 40,000 ዶላር የሚጠጋ ሰጡት። ያኔ በየወሩ በቀላሉ የሚቆረጥ ክፍያ ለግለሰብ ብሎግ የተለመደ አልነበረም። አንባቢ ለጸሐፊ በየጊዜው የሚከፍልባቸው አገልግሎቶች፣ ፓትሪዮን የመጣው በ2013፣ ሰብስታክ ደግሞ በ2017 ነው። ኮትኪ ከዓመት በኋላ ያንን መንገድ ትቶ በማስታወቂያ ቆየ፤ በ2016 ግን በአባልነት ክፍያ ወደ አንባቢዎቹ ተመለሰ። ይህ ታሪክ ደስ ይለኛል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ መሣሪያው ነው የዘገየው።

አንድሩ ሳሊቫን የሚባል ብሎገር ደግሞ አለ። በ2013 መጀመሪያ ብሎጉን ከድርጅት አውጥቶ በዓመት 19.99 ዶላር ሲያደርገው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ300,000 ዶላር በላይ ገባለት። በ2015 መጀመሪያ ግን ዘጋው። ብሎጉን የዘጋው ድካምና የጤና ጉዳይ እንጂ የገንዘብ ማጣት አልነበረም። ይህን የምነግራችሁ የአንባቢ ገንዘብም ሸክም እንዳለው እንድታውቁ ነው። የከፈለ ሰው ይጠብቃል። ታምማችሁም፣ ሐሳብ ነጥፎባችሁም ይጠብቃል። ስለዚህ ገና ስትጀምሩ ቃል የምትገቡትን አሳንሱ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ከምትሉ በወር ሁለት ጊዜ በሉና ሲመቻችሁ ጨምሩ።

ሂሳቡን ደግሞ እዩት። በሰብስታክ በወር 5 ዶላር ብታስከፍሉ፣ ሰብስታክ 10 በመቶ ይወስዳል፤ ክፍያውን የሚያስተላልፈው ስትራይፕ ደግሞ በአሜሪካ ዋጋው 2.9 በመቶና በእያንዳንዱ ክፍያ 30 ሳንቲም ይወስዳል። እጃችሁ የሚገባው 4 ዶላር ገደማ ነው። ያቺ 30 ሳንቲም በወርሃዊ ክፍያ በዓመት 12 ጊዜ ትቆረጣለች፤ በዓመታዊ ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ። ለዚህ ነው በዓመት ለሚከፍል ቅናሽ መስጠት የሚያዋጣው። አሁን 200 አንባቢ አስቡ፤ እያንዳንዱ 4 ዶላር ሲደርሳችሁ በወር 800 ዶላር ነው። ቅድም ባሰብነው የማስታወቂያ ዋጋ ይህን ለማግኘት 400,000 እይታ ያስፈልጋል። 200 ሰው በስም ልታውቁ ትችላላችሁ። 400,000 እይታ ግን ማንም አይደለም። እኔ ለ200ዎቹ ብጽፍ እመርጣለሁ።

አንድ መሰናክል አለ። ስትራይፕ በሁሉም አገር አይሠራም፤ ሌላው የክፍያ አገልግሎት ፔይፓልም በብዙ ቦታ ገንዘብ መላክ እንጂ መቀበል አይፈቅድም። በምትኖሩበት አገር በምን በኩል ገንዘብ መቀበል እንደሚቻል፣ ግብሩስ እንዴት እንደሚታይ ከሁሉ አስቀድማችሁ አጣሩ። አንባቢዎቻችሁ መክፈል የሚችሉበትም መንገድ መኖር አለበት፤ ፈቃደኛ ሆኖ ካርድ የሌለው ሰው ብዙ ነው።

ምኑ በነጻ ይሁን፣ ምኑ ይከፈልበት? ስለ ቴክኖሎጂ ንግድ የሚጽፈው ብሎገር ቤን ቶምሰን በ2014 ያደረገውን እወደዋለሁ። በሳምንት አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ሆነ፣ የዕለት ተዕለቱ ደግሞ ለከፋዮች። ምርጡን ሥራችሁን ከቆለፋችሁት አዲስ አንባቢ በምን ያውቃችኋል? ሰው ለሰው የሚልከው ክፍት የሆነውን ነው። የሚከፈልበት ይሁን የምለው ጊዜያችሁን በተለይ የሚወስደው ነው፤ ለጥያቄ መልስ መስጠት፣ የሌላውን ጽሑፍ አይቶ አስተያየት መስጠት፣ ጥልቅ ማብራሪያ።

አራተኛው መንገድ ብዙ አይወራለትም፤ ለትንሽ ብሎግ ግን ከሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ብሎጉ ራሱ ምንም አይከፍላችሁም፤ ሥራ ያመጣላችኋል። አርትዖት፣ ትርጉም፣ ማስተማር፣ ማማከር፣ ለመጽሔት መጻፍ። ጽሑፋችሁን ለወራት ሲያነብ የቆየ ሰው የሥራ ልምድ ማስረጃ አይጠይቃችሁም፤ እንዴት እንደምታስቡ አውቋል። እዚህ እይታ አይቆጠርም። አንድ ትክክለኛ አንባቢ ይበቃል። ስለዚህ እባካችሁ ምን መሥራት እንደምትችሉና በምን እንደምትገኙ የሚናገር አንድ ገጽ ይኑራችሁ። ድንቅ ጽሑፍ አንብቤ ጸሐፊውን ለሥራ ፈልጌ፣ የኢሜይል አድራሻ አጥቼ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ያሳዝናል።

ያው የኢሜይል ነገር ከተነሳ፣ ገንዘብ ባትፈልጉም የአንባቢዎቻችሁን ኢሜይል ከመጀመሪያው ቀን፣ በፈቃዳቸው፣ መሰብሰብ ጀምሩ። በሐምሌ 2013 ጎግል ሪደር፣ ሰዎች የብዙ ብሎጎችን አዲስ ጽሑፍ በአንድ ቦታ ይከታተሉበት የነበረው አገልግሎት፣ ሲዘጋ ብዙ ብሎገሮች በእሱ በኩል ይከታተሏቸው የነበሩ ሰዎች የት እንደገቡ አላወቁም። የኢሜይል ዝርዝር ግን ይዛችሁት ከአንዱ አገልግሎት ወደ ሌላው ትሄዳላችሁ።

መቼ ነው ክፍያ መጠየቅ የሚጀመረው ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ፣ እኔ የማየው ምልክት የእይታ ቁጥር አይደለም። የማያውቃችሁ ሰው ጽሑፋችሁ ሲዘገይ "ምነው ጠፋችሁ?" ብሎ ሲጽፍ፣ ያ ሰው ብትጠይቁት ይከፍላል። እንዲህ ያሉ ጥቂት ሰዎች ሲኖሯችሁ፣ ምን እንደምትጽፉ፣ በስንት ጊዜ እንደምትጽፉና ገንዘቡ ለምን እንደሚውል በግልጽ ጽፋችሁ ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም፤ መጻፍ ሥራ ነው። የማይከፍሉትንም አታስጨንቁ፤ በየአንቀጹ መሃል ክፈሉ ክፈሉ ማለት የከፈለውንም ያሰለቻል።

በሚቀጥለው ክፍል የኢሜይል ዝርዝሩን እንዴት እንደምትጀምሩት ዘርዘር አድርጌ እመለስበታለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑ።